የወጋና የተወጋ፤ «የአሜሪቃ አጣብቂኝ» የተባለው መጽሐፍ ሲመረመር

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ፥ የተወጋ አይረሳም» ሲሉ የተናገሩት ቃል በሁለት ሰዎች መካከል ለተነሣ ጠብ ብቻ የሚነገር አይደለም። በአንድ አገር ላይ አብረው ለሚኖሩ፥ ነገር ግን አንዱ ወገን በሌላው ላይ ለረጅም ዘመን ሠልጥኖ ለቆየባቸው ሕዝቦችም የሚሠራ ፍርድ ነው። የወጋው ወገን ነገሩን የሚያስታውሰው በአንድ መልክ፥ የተወጋው የሚያስታውሰው በሌላ መልክ ስለ ሆነ፥ ስለ ሁለቱ ኑሮ መጽሐፍ ለመጻፍ የሚነሣ ሊቅ ከሁሉ አስቀድሞ «የማንን ቃል ተቀብዬ ልጻፍ?» የሚል ጥያቄ ይደቀንበታል። ለዚህ ምርመራችን የመረጥነው መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ከብዙዎቹ መጻሕፍት በተሻለ አኳኋን የመለሰ፥ ነገር ግን መልሱን ከዳር ሳያደርስ ያቆመ ሆኖ ስላገኘነው፥ ትልቅነቱንም ጉድለቱንም ለአንባቢዎቻችን ማሳየት ተገቢ መስሎናል።

መጽሐፉ «የአሜሪቃ አጣብቂኝ» ይባላል። የጻፉት ስዊድናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጉናር ሚርዳል ሲሆኑ፥ በ1944 ዓ. ም. በሁለት ክፍል ሆኖ በኒውዮርክ ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) ወደ 1500 ገጽ የሚጠጋ፥ ለንባብ ብቻ ሳይሆን ለመሸከምም የሚከብድ ሥራ ነው። ስለ ልዩ ልዩ ዘሮች አብሮ መኖር በሚያጠናው የኅብረተ ሰብ ትምህርት፥ ማለት በሶሲዮሎጂ፥ ውስጥ ከዚህ መጽሐፍ ይበልጥ በተማሪዎች የተጠቀሰና በመንግሥት ሥራ ላይ ጥላውን የጣለ መጽሐፍ ማግኘት ቀላል አይደለም። የአሜሪቃ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ዓ. ም. ጥቁሮችንና ነጮችን በትምህርት ቤት መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ ነው ብሎ ሲፈርድ፥ በፍርዱ ግርጌ ከጠቀሳቸው ጥናቶች አንዱ ይኸው መጽሐፍ ነበር። ጸሐፊውም በ1974 ዓ. ም. በምጣኔ ሀብት የኖቤልን ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍለዋል።

መጽሐፉ እንዴት እንደ ተወለደ ማወቅ ባሕርዩን ለመረዳት ያግዛል። በኒውዮርክ የሚገኘው የካርኔጊ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ አሜሪቃ ጥቁሮች ኑሮ ሰፊ ጥናት እንዲደረግ በወሰነ ጊዜ፥ የድርጅቱ መሪ ፍሬደሪክ ኬፕል ሥራውን ለአሜሪቃዊ መስጠት አልፈለጉም። በጥቁሮችና በነጮች ነገር ላይ አስቀድሞ ሐሳቡን ያልቈረጠ፥ ቅኝ ግዛት ከማስተዳደር ልማድ ከራቀ አገር የመጣ ሰው ይገኝ ብለው ሲፈልጉ፥ ምርጫው በሚርዳል ላይ ወደቀ። እርሳቸውም በ1938 ዓ. ም. መከር ወራት አሜሪቃ ገብተው፥ ወዲያው ወደ ደቡቡ ክፍለ አገር በመዝለቅ የጥጥ እርሻውን፥ ትምህርት ቤቱን፥ ወኅኒ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን እየተዘዋወሩ አዩ። እንግዳ ሰው የቤቱ ባለቤቶች ለምደው የማያዩትን ነገር ያያል፤ ይህ የእንግዳ ዓይን የመጽሐፉ አንዱ ጸጋ ነው።

ሆኖም በዚያው ዘመን በጉዳዩ ላይ ዕድሜውን የፈጀ አንድ ሊቅ በአገሩ ውስጥ ነበር። እርሳቸውም ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ ናቸው። ዱ ቦይስ በ1895 ዓ. ም. ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ በመቀበል ከጥቁሮች የመጀመሪያው ሰው ሲሆኑ፥ በ1899 ዓ. ም. ያሳተሙት «የፊላደልፊያ ጥቁር ሕዝብ» የተባለው መጽሐፍ በከተማው ሰባተኛ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠይቀው ያዘጋጁት ጥናት ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ጥቁር ሕዝብ ታላቅ መዝገበ ዕውቀት ለማዘጋጀት አስበው ገንዘብ ቢጠይቁ ሳያገኙ ቀሩ። ከባሕር ማዶ የመጣው ሊቅ ግን ገንዘቡንም ብዙ ረዳቶችንም አገኘ። ይህን የምናነሣው ሚርዳልን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሳቸው ራልፍ ባንችንና ፍራንክሊን ፍሬዚየርን የመሳሰሉ ጥቁር ሊቃውንት አብረዋቸው እንዲሠሩ አድርገዋል፤ ዱ ቦይስም ራሳቸው መጽሐፉ ሲወጣ በበጎ ቃል ተቀብለውታል። ነገር ግን የቤቱ ልጅ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ «ለወገኑ ያዳላል» ተብሎ መጠርጠሩ፥ የእንግዳው ቃል ደግሞ ሚዛናዊ ነው ተብሎ በቶሎ መታመኑ፥ በዚህ ትምህርት ውስጥ ጥንት የገባ ልማድ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን።

አሁን ወደ መጽሐፉ ሐሳብ እንግባ። የሚርዳል መሠረተ ነገር ይህ ነው። የአሜሪቃ ሰው ሁሉ፥ ሀብታሙም ድኻውም፥ የሰሜኑም የደቡቡም፥ ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው ተፈጥረዋል፥ ለሁሉም ነፃነትና ፍትሕ ይገባል የሚል ከፍ ያለ እምነት አለው። ይህንኑ ሰው በመንደሩ ውስጥ ብታዩት ግን፥ ጥቁሩን ጎረቤቱን ከትምህርት ቤቱ፥ ከምርጫ ሣጥኑ፥ ከሆቴሉ ያርቃል። እንግዲህ አጣብቂኙ ያለው በነጩ ሰው ልብ ውስጥ ነው፤ አፉ የሚመሰክረውና እጁ የሚሠራው ስላልተስማሙለት ኅሊናው ዕረፍት የለውም። የጥቁሩ ችግር በእውነቱ የነጩ የኅሊና ችግር ነው ማለት ነው።

ከዚህም ጋር ሚርዳል «ክፉ አዙሪት» ስለሚሉት ነገር ያስረዳሉ። ነጩ ጥቁሩን ስለሚንቀው ጥሩ ሥራና ጥሩ ትምህርት ይነፍገዋል፤ ጥቁሩም ሥራና ትምህርት ስላጣ ኑሮው ይጎሳቈላል፤ ነጩም ያንን ጉስቍልና አይቶ «ድሮስ አላልኩም ነበር?» እያለ ንቀቱን ያጸናል። ይህ አዙሪት ወደ ክፉ እንደሚሽከረከር ሁሉ ወደ በጎም ሊመለስ ይችላል፤ ትምህርት ቢሻሻል፥ ወይም ንቀት ቢቀንስ፥ አንዱ ሌላውን እየገፋ ወደ ላይ ያወጣል ይላሉ። ይህ ክፍል በብዙ አገር ላለ ሰው የሚጠቅም ትምህርት ነው፤ የድኽነትን ምክንያት በድኻው ጠባይ ላይ ብቻ ለሚጥሉ ሰዎች የተሰጠ ጥሩ መልስ ስለ ሆነ።

ነገር ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው፥ ለእኛም የዚህ ትችት መሠረት የሆነው፥ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ውስጥ የሚገኝ አንድ አጭር ዝርዝር ነው። ሚርዳል የደቡቡን ነጮች እያነጋገሩ፥ ከተለያዩት የአድልዎ ዓይነቶች የትኛውን በብርቱ እንደሚይዙትና የትኛውን ለመልቀቅ እንደማይጨነቁ በስድስት ደረጃ አሰለፉት። በመጀመሪያው ደረጃ የቆመው የጋብቻ ነገር ነው፤ ጥቁር ወንድ ነጭ ሴት እንዳያገባ መከልከል። ሁለተኛው የአክብሮት ወግ ነው፤ አብሮ አለመብላት፥ አለመጨባበጥ፥ ባርኔጣ አለማንሣት፥ ጥቁሩ በጓሮ በር እንዲገባ ማድረግ፥ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብሎ አለመጥራት። ሦስተኛው በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች፥ ማለት በትምህርት ቤት፥ በቤተ ክርስቲያን፥ በባቡርና በአውቶቡስ መለየት ነው። አራተኛው የምርጫ መብት መንፈግ፤ አምስተኛው በፍርድ ቤትና በፖሊስ ፊት ማዳላት፤ ስድስተኛውና የመጨረሻው ደግሞ በመሬት፥ በብድር፥ በሥራና በመንግሥት ርዳታ ላይ የሚደረገው አድልዎ ነው።

ወዲያው ሚርዳል ገጹን ገልብጠው፥ ይህንኑ ነገር ለጥቁሮቹ ብታቀርቡት ሰልፉ ከሥር ወደ ላይ ይሆናል አሉ። ጥቁሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ሥራን፥ መሬትንና ብድርን ነው፤ ቀጥሎ ፍትሕን፤ ቀጥሎ የምርጫ ድምፅን፤ ነጭ ሴት የማግባት ነገር በመጨረሻ የሚነሣ ነው፥ ከተነሣም። በዚህ ስፍራ ላይ መጽሐፉ ከብዙዎቹ መጻሕፍት ይለያል። ሌሎቹ የጠየቁት አንዱን ወገን ነው፤ ሚርዳል ግን የወጋውንም የተወጋውንም ጠይቀው፥ ሁለቱ ስለ አንድ ቍስል ሲናገሩ አንዱ ጫፉን ሌላው ሥሩን እንደሚያሳይ ገለጹ።

ስለ ሁለተኛው ደረጃ አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። የእኛ ቋንቋ «አንተ»ን ከ«እርስዎ» የሚለይ ስለ ሆነ፥ የሰውን ክብር በአንድ ቃል መንሣት ምን ያህል እንደሚያቈስል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በደቡብ አሜሪቃ ክፍለ ግዛቶች ጠጕሩ የሸበተውን ጥቁር ሰው «አንተ ልጅ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነበር። በ1963 ዓ. ም. በአላባማ ፍርድ ቤት ሜሪ ሐሚልተን የተባሉ የመብት ተከራካሪ፥ ዐቃቤ ሕጉ በባዶ ስማቸው ብቻ ሲጠራቸው «በአክብሮት ካልተጠራሁ አልመልስም» በማለታቸው፥ ፍርድ ቤት ደፍረሻል ተብለው በገንዘብና በእስራት ተቀጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1964 ዓ. ም. ቅጣቱን ሻረላቸው። አንዲት የማዕርግ ቃል እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ዳኞች መድረሷ፥ ሚርዳል ይህን ወግ በሁለተኛ ደረጃ ያሰለፉት በከንቱ እንዳልሆነ ያሳያል።

እንግዲህ ሚርዳል ከሁለቱ ዝርዝሮች ምን ደመደሙ? ነገሩ መልካም ተስፋ ይሰጣል አሉ። ጥቁሩ ከሁሉ አብልጦ የሚሻው ሥራና ብድር ነው፤ ነጩም ከሁሉ ያነሰ የሚከላከለው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ የሚስማሙበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ይቻላል ማለታቸው ነው። ሲያዩት የማይነቃነቅ ክርክር ይመስላል። እኛ ግን መጽሐፉ ከታተመ ከ80 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የምናነብ ስለ ሆነ፥ ሚርዳል ያልነበራቸው አንድ ምስክር አለን፤ እርሱም የተፈጸመው ታሪክ ነው። ታሪኩ ምን ይላል?

ከላይ ወደ ታች እንቍጠር። የመጀመሪያውና የማይደፈረው የጋብቻ ክልከላ በ1967 ዓ. ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ወደቀ፤ በዚያን ጊዜ ክልከላው በ16 ክፍለ ግዛቶች ሕግ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሕጉ ብቻ ሳይሆን ልብም ተለወጠ፤ ጋሎፕ የተባለው የሕዝብን አስተያየት የሚመረምር ድርጅት በ1958 ዓ. ም. ሲጠይቅ በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረገውን ጋብቻ የደገፉት ከ100 ሰው 4ቱ ብቻ ነበሩ፤ በ2021 ዓ. ም. ሲጠይቅ 94 ሆኑ። በሕዝብ ስፍራዎች መለየት፥ የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች ለ381 ቀን አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ከተጓዙ በኋላ፥ በመጨረሻም በ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ተሻረ። የምርጫ መብት በ1965 ዓ. ም. ሕግ ተጠበቀ፤ ምንም እንኳ በ2013 ዓ. ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሕጉ ዋና ዋና አንቀጾች አንዱን ቢሽርም።

ከታች ያለውስ? ነጩ በቀላሉ ይለቀዋል የተባለው የመሬት፥ የብድርና የሥራ ነገርስ? የአሜሪቃ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ዓ. ም. ባደረገው የቤተሰብ ሀብት ጥናት፥ ነጭ ቤተሰቦች ሁሉ ከድኻው እስከ ሀብታሙ በሰልፍ ቢቆሙ በመካከል ላይ የሚገኘው ቤተሰብ 285,000 ዶላር ያህል ጥሪት ሲኖረው፥ ከጥቁሮቹ በመካከል ላይ የሚገኘው 45,000 ዶላር ያህል ብቻ አለው። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በነጩ ዝርዝር ውስጥ ከሁሉ የከበደው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲፈርስ፥ ከሁሉ የቀለለው እስካሁን ቆሞ ይገኛል።

የሚርዳል ጉድለት የሚገለጠው በዚህ ላይ ነው። እርሳቸው የነገሩን ክብደት የመዘኑት ሰዎቹ ስለ ነገሩ ሲናገሩ ባሳዩት ቍጣ ነው። ሰው ግን የሚቈጣበት ነገርና የማይለቀው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የጋብቻው ክልከላ ቢነሣ ከነጩ ጎተራ አንዲት ቍና አይጎድልም፤ የሚጎድለው ትዕቢቱ ነው፤ ትዕቢት ደግሞ ትውልድ ሲለወጥ ይለወጣል። ብድርና ሥራ ግን በጎተራ ያለ ነገር ነው። ስለ ጎተራው ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም፤ በሩን ዘግቶ ቍልፉን በኪሱ ይይዛል እንጂ። ሚርዳል ይህን ዝምታ እሺታ አድርገው ተረጐሙት።

ቍልፉ በማን እጅ እንደ ነበር ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ1934 ዓ. ም. የተቋቋመው የአሜሪቃ መንግሥት የቤት መሥሪያ ብድር ዋስትና መሥሪያ ቤት፥ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሠፈር ለብድር አስጊ ነው እያለ ዋስትና ሲነፍግ፥ በነጮች ሠፈር ግን ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚያስገድድ ውል እንዲጻፍ በመመሪያው ይመክር ነበር። ሚርዳል መጽሐፋቸውን ባሳተሙበት በዚያው በ1944 ዓ. ም. ከጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርትና የቤት ብድር የሚሰጥ ትልቅ ሕግ ወጣ። ሕጉ ጥቁርና ነጭ ብሎ አይለይም፤ አፈጻጸሙ ግን ለየአገሩ ሹሞችና ባንኮች ስለ ተተወ፥ በተለይ በደቡብ አብዛኛው ጥቁር ወታደር የቤት ብድሩን ሳያገኝ ቀረ። አባቱ ቤት የሠራለት ልጅና አባቱ በኪራይ ቤት ያረጀ ልጅ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት እኩል ደመወዝ ቢቀበሉ እንኳ፥ እኩል አይሆኑም። ይህ ሁሉ ሲደረግ በማንም አፍ ላይ የስድብ ቃል አልነበረም፤ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነበር። ለመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ከባድ ነው፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያለ ጥላቻ የሚፈረም ወረቀት፥ ጥላቻ ከሚሠራው የበለጠ ዕድሜ ያለው ግድግዳ ሊሠራ ይችላል።

ይህን ጉድለት ቀድመው ያዩ ተቺዎች ነበሩ። በትሪኒዳድ ተወልደው በአሜሪቃ ያስተማሩት ኦሊቨር ኮክስ በ1948 ዓ. ም. ባሳተሙት መጽሐፋቸው፥ የዘር ጥላቻ ሥሩ በልብ ሳይሆን የሌላውን ጕልበት በርካሽ ለመውሰድ ከመፈለግ የመጣ ነው፤ ሚርዳል ግን ነገሩን የግብረ ገብ ክርክር አደረጉት ሲሉ ነቀፉ። እኛ ኮክስን በሁሉ አንከተልም፤ ትዕቢት ራሱን ችሎ ሰውን እንደሚገዛ፥ አንዳንድ ጊዜም ሰው ጥቅሙን እስኪጎዳ ድረስ እንደሚነዳው የደቡብ ታሪክ ያሳያል። ስለ ጎተራው ግን ከሚርዳል ይልቅ የኮክስ ዓይን የጠራ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ይብሳል። አጣብቂኙ በነጩ ልብ ውስጥ ነው ከተባለ፥ መፍትሔውም ከዚያው ከነጩ ልብ ይጠበቃል፤ ጥቁሩ በገዛ ታሪኩ ውስጥ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። በእርግጥ በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን፥ ስለ ጋዜጦቻቸውና ስለ መሪዎቻቸው የተጻፉ ረጃጅም ምዕራፎች አሉ። ነገር ግን ሚርዳል የጥቁሩን ባህል የአጠቃላዩ አሜሪቃዊ ባህል የተዛባ፥ የታመመ መልክ አድርገው ስላዩት፥ ሕዝቡ ከነጩ ለደረሰበት ነገር መልስ ከመስጠት አልፎ ከራሱ ያፈለቀው ነገር ያለ አይመስልም። ደራሲው ራልፍ ኤሊሰን መጽሐፉ በወጣበት ዓመት በጻፉት፥ ግን እስከ 1964 ዓ. ም. ሳይታተም በቆየው ትችታቸው፥ ይህንኑ ነቀፉ፤ አንድ ሕዝብ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ለሌላው መልስ በመስጠት ብቻ ሊኖር አይችልም የሚል ነበር ክርክራቸው።

የኤሊሰን ነቀፋ እውነት ለመሆኑ እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን ምስክርነት አለን። ሚርዳል አሜሪቃ ከመግባታቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1935 ዓ. ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፥ የኒውዮርክና የሺካጎ ጥቁሮች በአዳራሽና በቤተ ክርስቲያን እየተሰበሰቡ ገንዘብ አዋጡ፥ ለመዝመት የተመዘገቡም ብዙዎች ነበሩ። አይሮፕላን ነጂው ጆን ሮቢንሰን ከሺካጎ ተነሥተው መጥተው በኢትዮጵያ አየር ኀይል አገለገሉ። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ዓ. ም. በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ ማኅበሩን የሞሉት እነዚሁ ሕዝቦች ናቸው። ይህ ሁሉ ለአሜሪቃ ነጭ የተሰጠ መልስ አልነበረም። የራሱ ትዝታ፥ የራሱ ተስፋና ከባሕር ማዶ የሚያስበው ወዳጅ ያለው ሕዝብ ሥራ ነበር። እንዲህ ያለውን ሕዝብ የሌላ ሰው ኅሊና ሕመም አድርጎ መጻፍ ሙሉ ሥዕል አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያጸናል። «ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» እንደሚባለው፥ የነጩ ኅሊና ብቻውን ነቅቶ በሩን አልከፈተም። በ1960 ዓ. ም. የካቲት ወር በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተለየ የምሳ መብያ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው አንነሣም ባሉ ጊዜ፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በብዙ ከተሞች ያሉ ተማሪዎች ተከተሏቸው። በ1963 ዓ. ም. በበርሚንግሃም ከተማ ፖሊሶች ውሻ ሲለቁባቸውና የእሳት አደጋ ውኃ ሲረጩባቸው ዓለም በቴሌቪዥንና በጋዜጣ አየ። እዚህ ላይ ለሚርዳል የሚገባቸውን ዋጋ መንፈግ አንወድም፤ የሰሜኑ ነጭ እውነቱን ቢያይ ዝም ሊል አይችልም፥ ስለዚህ ጥቁሩ ችግሩን ለሕዝብ ዓይን ማድረስ አለበት ብለው አስቀድመው ጽፈው ነበር፤ ያሉትም ደረሰ። ያላስተዋሉት፥ የኅሊናው ደወል ራሱን የማይደውል መሆኑን ነው። የደወሉት ሰዎች ያን ያህል ምዕራፍ ይገባቸው ነበር።

ይህ ነገር ሩቅ አገር ያለ ታሪክ ብቻ ሆኖ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፥ የ1965 ዓ. ም.ን የአሜሪቃ የኢሚግሬሽን ሕግና የ1980 ዓ. ም.ን የስደተኞች ሕግ እናስታውሰው። የመጀመሪያው ሰውን በትውልድ አገሩ እየለየ የሚያስገባውን ኮታ የሻረው የሲቪል መብት ትግል በተፋፋመበት ዘመን ነው፤ ሁለተኛው ለብዙ ኢትዮጵያውያን በር ከፈተ። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖረው ወገናችን በአገሩ ሳለ ራሱን በትውልድ ስፍራው፥ በሃይማኖቱ ወይም በቋንቋው ይጠራ የነበረ ሲሆን፥ እዚያ በሕዝብ ቈጠራው ቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለው ሣጥን ይጠብቀዋል። ቤት ሊገዛ ወይም ብድር ሊጠይቅ ሲሄድ የሚገባው የሚርዳል ዝርዝር ስድስተኛ ደረጃ ወደሚነካው ጉዳይ ነው፤ የሚቆምለት ሕግም በሞንትጎመሪ በእግራቸው የሄዱት ሰዎች ላብ ያስገኘው ነው። ስለዚህ ልጆቹ የዚያን ሕዝብ ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርገው ባያነቡት ደስ ይለናል።

በጠቅላላው ስንመዝነው፥ «የአሜሪቃ አጣብቂኝ» ታላቅ መጽሐፍ ነው። ክፉው አዙሪት በሚለው ክፍል የድኽነትንና የንቀትን ትስስር ያስተምራል፤ በሁለቱ ዝርዝሮች ደግሞ አንድ በደል ሁለት መልክ እንዳለው ያሳያል። የሚጎድለው ሁለተኛውን ዝርዝር ካገኘ በኋላ በእርሱ አለመመራቱ ነው። ሚርዳል የተወጋውን ጠየቁት፥ ቃሉንም በታማኝነት ጻፉት፤ ነገር ግን የቀረውን መጽሐፍ በወጋው ኅሊና ላይ አቆሙት። የተወጋው «መጀመሪያ ሥራና መሬት» ካለ፥ የመጽሐፉ ምሰሶ ሥራና መሬት፥ የክርክሩም መነሻ ጎተራው መሆን ይገባው ነበር። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ተስፋው ያንን ያህል የቀለለ ባልሆነ ነበር፤ ለሥራ ግን የተሻለ መሪ ይሆን ነበር።

መጽሐፉን ለተማሪዎች የሚያስተምር መምህር ሁለቱን ዝርዝሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን እንዲጽፋቸውና፥ ከእያንዳንዱ መሥመር አጠገብ ነገሩ የተለወጠበትን ዓመት እንዲያስገቡ ተማሪዎቹን እንዲጠይቅ እንመክራለን። በመጨረሻው መሥመር አጠገብ የሚጻፈው ዓመት ሲያከራክራቸው ትምህርቱ ያን ጊዜ ይጀመራል። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ጉዳይ የሚያጠና ሹምም፥ በዚህም አገር ይሁን በሌላ፥ የሚያዘጋጀው መጠይቅ ሁለቱንም ወገን የሚጠይቅ መሆኑን፥ ከዚያም የሁለተኛው ወገን መልስ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ እንዳይቀር ይመልከት። ሚርዳል ጥያቄውን ጠይቀው መልሱን አግኝተው ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጣው የቀረው በመልሱ መሥራት ነው።